ፍትሕ ለማን? የግሪክ ፈላስፎች ክርክርና የሰፈራችን እድር

የዛሬው ርዕሳችን ከወትሮው ራቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ከዛሬ 2400 ዓመት ገደማ በፊት በግሪክ አገር የኖሩ ፈላስፎች ስለ መንግሥትና ስለ ፍትሕ ያነሱትን ክርክር እንመለከታለን። ወደዚህ ርዕስ ያመጣን ግን የገዛ ስሕተታችን ነውና በእርሱ እንጀምር።

ቡራዩ ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አባል የሆነበት አንድ እድር አለ። ለብዙ ዓመታት የእድሩ ገንዘብ ያዥ የነበሩት አንድ ሐቀኛ አዛውንት ናቸው። ደረሰኝ የሚባል ነገር አያውቁም። ማን እንደከፈለና ማን እንደቀረበት ግማሹን በጭንቅላታቸው፣ ግማሹን ከእርሳቸው በቀር ማንም በማያነበው ደብተር ይዘው ኖሩ። አንድም ቀን አምስት ሳንቲም ጎድሎባቸው አያውቅም። አላህ ይዘንላቸውና እርሳቸው ወደ አኼራ ሲሄዱ ግን ደብተሩ ብቻውን ቀረ። ሁለት አባወራዎች የዓመቱን መዋጮ አስቀድመን ከፍለናል አሉ፤ ደብተሩ ላይ የሁለቱም የለም። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ጉዳዩን ወደ እኛ አመጡት።

እኛም የአንደኛውን ቃል ተቀበልን። ከልጅነቱ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ በሱብሒ ሰላት ከመጀመሪያው ሰፍ አይጠፋም። ሁለተኛው ወደ ሰፈሩ ከመጣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ተከራይ ነበር። «ማስረጃ ከሌለህ ድጋሚ ክፈል» አልነው። ምንም ሳይል ከፈለ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የሟች ልጅ የአባቷን ልብስ ለሰደቃ ስታወጣ ከኮት ኪስ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አገኘች። የተከራዩ ስምና የከፈለው ገንዘብ በሟች እጅ ተጽፏል። የአንደኛው ሰው ስም አልነበረበትም። (ይህ እርሱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ሌላ ኪስ ውስጥ ሌላ ወረቀት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።) ገንዘቡ ለተከራዩ ተመለሰለት። ይቅርታ ልንጠይቅ ቤቱ ድረስ ስንሄድ ሻይ አቅርቦ አስተናገደንና አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ኡስታዝ፣ እኔን እኮ እዚህ የሚያውቀኝ ሰው የለም።»

ይህ ቃል እንቅልፍ ነሳን። ከመድረሳ በኋላ ኮሌጅ በገባንበት ዘመን የግሪክ ፈላስፎችን ሐሳብ ለፈተና ያህል አጥንተን ትተነው ነበር። ያን ሌሊት ተመልሰን ስናየው፣ በዓለም ላይ ስለ ፍትሕ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ እጅግ ታዋቂ የሆነው የአፍላጡን (የፕላቶ) «ሪፐብሊክ» ውይይቱ የተደረገው በአንድ መጤ ሰው ቤት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ አልን።

የመጤው ቤት

ቤቱ የኬፋሎስ ቤተሰብ ነው። ኬፋሎስ ሲሲሊ ከምትባለው ደሴት፣ ከሲራኩስ ከተማ መጥቶ በአቴንስ ወደብ በፒሬየስ የተቀመጠ ሀብታም ሰው ነው። ቤተሰቡ የጋሻ መሥሪያ ነበረው። አቴናውያን እንዲህ ያለውን ሰው «ሜቶይኮስ» ይሉታል፤ ከሌላ አገር መጥቶ አብሮ የሚኖር ማለት ነው። ሜቶይኮስ በየዓመቱ ግብር ይከፍላል፣ በጦርነት ጊዜ ይዘምታል። ነገር ግን በጉባኤ ድምፅ አይሰጥም፣ ሹመት አያገኝም፣ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር መሬትም ሆነ ቤት በስሙ ሊያደርግ አይችልም። ከዜጎቹ አንዱ ተጠሪ ሊሆንለት ይገባል። ልጁም የልጅ ልጁም እንዲሁ መጤ ሆነው ይቀራሉ፤ ምክንያቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 ፔሪክልስ ባስወጣው ሕግ መሠረት ዜጋ የሚሆነው አባቱም እናቱም አቴናውያን የሆኑለት ሰው ብቻ ነበር።

በዚህ ቤት ሶቅራጥስ ስለ ፍትሕ ይጠይቃል። ሽማግሌው ኬፋሎስ ፍትሕ ማለት እውነት መናገርና ዕዳን መመለስ ነው ይላል። ሶቅራጥስም አንድ ወዳጅህ በደህናው ጊዜ መሣሪያውን አደራ ቢሰጥህና አእምሮው ከተነካ በኋላ መልስልኝ ቢል ትመልስለታለህን? ብሎ ያፋጥጠዋል። ሽማግሌው ነገሩን ለልጁ ለፖሌማርከስ ትቶ ወደ መሥዋዕቱ ይሄዳል። ልጁ የሰጠው መልስ እኛን ቆም አድርጎናል። ፍትሕ ማለት ለወዳጅ በጎ ማድረግ፣ ጠላትን ደግሞ መጉዳት ነው አለ። በጊዜው ብዙ ሰው የሚያምንበት ሐሳብ ነበር፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ዛሬም ነው። ሶቅራጥስ ሁለት ነገር አነሳበት። አንደኛ፣ ወዳጅ ያልነው ክፉ፣ ጠላት ያልነው ደግ ሆኖ እናገኘዋለን፤ በሰው ላይ ያለን ግምት ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ማንንም ቢሆን መጉዳት የፍትሐዊ ሰው ሥራ ሊሆን አይችልም። እኛ ከመጀመሪያው ሰፍ ያለውን አምነን ተከራዩን ስናስከፍል የፈረድነው በፖሌማርከስ ትርጉም ነበር።

ቀጥሎ ትራሲማከስ የሚባል የንግግር መምህር በቁጣ ገባ። እርሱም ከኬልቄዶን የመጣ እንግዳ ነው። ፍትሕ የጠንካራው ጥቅም እንጂ ሌላ ምንም አይደለም፤ ሕግ የሚያወጣው የሚገዛው ወገን ነው፣ የሚያወጣውም ለራሱ ነው አለ። ሶቅራጥስ ሐኪም የሚሠራው ለበሽተኛው፣ የመርከብ መሪ የሚደክመው ለተሳፋሪው እንደሆነ ሁሉ ገዥም ሥራው ለሚገዛው ሕዝብ ነው ብሎ መለሰለት። መልሱ ያማረ ነው። ትራሲማከስ ግን ያልተረታ ይመስለናል፤ ሶቅራጥስ የነገረው ገዥ ምን መሆን እንዳለበት ሲሆን እርሱ ያወራው ደግሞ ገዥዎች ሲያደርጉ ስላየው ነገር ነውና።

አፍላጡን ይህን ሲጽፍ አንባቢዎቹ ሁሉ የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር። ፖሌማርከስ ተገድሏል። ከልደት በፊት በ404 አቴንስ በስፓርታ ከተሸነፈች በኋላ ሠላሳ ሰዎች ሥልጣን ያዙ። ገንዘብ ሲያጥራቸው ዓይናቸውን በመጤዎቹ ላይ ጣሉ። የፖሌማርከስ ወንድም ሊሲያስ በኋላ በፍርድ ቤት እንደተናገረው፣ ሰዎቹ አሥር መጤዎች እንዲያዙ ወሰኑ፤ ነገሩ ለገንዘብ ተብሎ የተደረገ እንዳይመስልም ከአሥሩ ሁለቱን ሆን ብለው ድሆች አደረጓቸው። ፖሌማርከስ የተከሰሰበት ነገር ሳይነገረው፣ ችሎት ሳይቆም መርዝ እንዲጠጣ ተደረገ። ሰባት መቶ ጋሻና መቶ ሃያ ባሪያ ተወረሰ። ሊሲያስ አምልጦ ከዲሞክራቶቹ ጋር ሆነ፣ በገንዘቡም ረዳቸው፤ ሠላሳዎቹ በ403 ከወደቁ በኋላ ግን ዜግነት እንዲሰጠው የቀረበው ሐሳብ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ተሰረዘ። ነጻ ያወጣት ከተማ እርሱን መጤ ብላ አስቀረችው።

እኛ የቡራዩ ሰዎች ይህን ታሪክ ስናነብ ሩቅ ሊሆንብን አይችልም። ከተማችን በአምቦ መንገድ ከአዲስ አበባ ጋር ተያይዛ ያደገች፣ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሕዝብ የሚኖርባት ናት። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር ተጠቃላለች። ሰው ማንነቱ ቀርቶ ከየት እንደመጣ ብቻ ሲጠየቅ ምን እንደሚከተል በመስከረም 2011 ዓ.ም. በዓይናችን አይተናል። ስንት ነፍስ ጠፋ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ዝርዝሩን ያየ ያውቀዋል፤ ልጆች በሚሰሙበት ፕሮግራም ከዚህ በላይ አንሄድበትም።

ሶቅራጥስ በሁለት መንግሥታት ፊት

ሶቅራጥስ ራሱ መጽሐፍ አልጻፈም። ስለ ፍትሕ ያስተማረውን ከንግግሩ ይልቅ ሁለት ጊዜ ካደረገው ነገር መረዳት ይሻላል።

የመጀመሪያው በ406 ከልደት በፊት ነው። አቴናውያን አርጊኑሳይ በተባለው ቦታ በባሕር ጦርነት ድል አደረጉ፤ ነገር ግን ማዕበል ተነስቶ ከሰጠሙት መርከቦች ሰዎችን ማዳን አልተቻለም። ሕዝቡ በሐዘንና በቁጣ ስምንቱን አዛዦች ባንድ ድምፅ፣ በጅምላ እንፍረድባቸው አለ። ሕጉ ግን እያንዳንዱ ለብቻው እንዲዳኝ ያዝዛል። በዚያን ቀን ጉባኤውን ከሚመሩት አንዱ ሶቅራጥስ ነበር። ሌሎቹ ዛቻውን ፈርተው ሲያፈገፍጉ እርሱ ብቻ እምቢ አለ። አልተሰማም። አቴንስ የነበሩት ስድስቱ ተገደሉ፤ ሕዝቡ በኋላ ተጸጸተ። ሁለተኛው በ404 ነው። ሠላሳዎቹ እርሱንና አራት ሰዎችን ጠርተው ሊዮን የተባለ ሰው ከሳላሚስ ይዛችሁ አምጡ፣ ይገደላል አሏቸው። አራቱ ሄደው አመጡት። ሶቅራጥስ ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ሄደ።

አንዱ የብዙኃን መንግሥት ነው፣ ሌላው የጥቂቶች። ሰው ሁሉ የእኔ ወገን ሥልጣን ቢይዝ ፍትሕ ይሰፍናል በሚልበት ዓለም ይህ ሰው በሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ትምህርት ቤት «ዲሞክራሲ ከአቴንስ ተጀመረ» እየተባሉ የሚማሩ ልጆቻችን ይህንንም ቢሰሙ መልካም ነው። ያች ዲሞክራሲ ሹማምንቷን በዕጣ የምትመርጥ፣ ድሃው ዜጋ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ አበል የምትከፍል፣ በእውነት የሚደነቅ ነገር የነበራት ናት። ሴቶች፣ ባሪያዎችና መጤዎች ግን ከደጅ ነበሩ። በ399 ከልደት በፊት ደግሞ አምስት መቶ ያህል ዳኞች ተቀምጠው የሰባ ዓመቱን ሶቅራጥስ ሞት ፈረዱበት። ክሱ የከተማዋን አማልክት አልተቀበለም፣ ወጣቶችን አበላሸ የሚል ነበር። አፍላጡን እንደጻፈው ሠላሳ ድምፅ ብቻ ቢዞር ኖሮ ነጻ ይወጣ ነበር። ወዳጆቹ ከእስር ቤት ሊያስመልጡት ገንዘብ አዘጋጅተው ሳለ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህች ከተማ ሕግ ሥር ኖሬ በእኔ ላይ ሲዞር አላፈርሰውም ብሎ ቀረ። በዚህ ነጥብ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኛ ግን ከፖሌማርከስ ጋር አስተያይተን አንድ ነገር እንላለን። ሶቅራጥስ በደል ቢደርስበትም ቆሞ ተናግሯል፣ ድምፅ ተቆጥሮለታል። መጤው ፖሌማርከስ ይህንንም አላገኘም።

ደጉ ሰው ወይስ ሕጉ?

አፍላጡን ያን ጊዜ የሃያዎቹ ዓመታት ወጣት ነበር። ከሠላሳዎቹ መካከል ዘመዶቹ ነበሩበት፤ ኑ አብረን እንሥራ ብለውታል። እነርሱ ደም ሲያፈሱ አየ፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣው ዲሞክራሲ ደግሞ መምህሩን ሲገድል አየ። ሁለቱም መንገድ ሲዘጋበት ፈውሱ የሚያስተዳድረውን ሰው መለወጥ ነው ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። በ«ሪፐብሊክ» የሳላት ከተማ ሦስት ክፍል አላት። የሚገዙ፣ የሚጠብቁ፣ የሚያመርቱ። ፍትሕ ማለት እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ሠርቶ በሌላው ሥራ አለመግባቱ ነው። ገዥዎቹ ከልጅነት ጀምረው በትምህርት የተፈተኑ ፈላስፎች ናቸው፤ የግል ሀብትም የግል ቤተሰብም የላቸውም። ሴት ብትሆንም ችሎታው ካላት ትገዛለች፤ በዘመኑ ይህን መናገር ቀላል አልነበረም። ቤተሰብን እስከማፍረስ መሄዱን ግን እኛ አንቀበለውም፤ ተማሪው አሪስቶትልም አልተቀበለለትም።

ሕግስ? አፍላጡን በመካከለኛ ዕድሜው ሕግን እንደ ግትር ሰው ይመለከተው ነበር። የሰው ጉዳይ በየቀኑ ይለዋወጣል፣ ሕግ ግን አንዴ የተናገረውን ብቻ ይደግማል። አዋቂ ሐኪም አጠገብህ ቆሞ እያለ ከአምና የተጻፈ የመድኃኒት ወረቀት ለምን ትከተላለህ? እንደማለት ነው። ይህን አዋቂ ለማግኘት ወይም ለመሥራት ሦስት ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሲራኩስ ሄደ። ሁለቱን ጊዜ የሄደው ወጣቱን ገዥ ዳዮኒሲየስን ፈላስፋ አደርገዋለሁ ብሎ ነው። በስሙ የቀረው ደብዳቤ እንደሚለው በመጨረሻው ጉዞ ያለ ፈቃዱ ተይዞ፣ የወዳጆቹ ምልጃ ነው ያስወጣው።

በሽምግልናው የጻፈው የመጨረሻ መጽሐፉ «ሕጎች» ይባላል። እዚያ ላይ ሌላ አፍላጡን እናገኛለን። እንደዚያ ያለ ሰው አይገኝም፤ ቢገኝም ያለ ተቆጣጣሪ ሥልጣን ሲይዝ ይበላሻል። ስለዚህ ሹማምንት የሕግ አገልጋዮች ይሁኑ አለ። 5040 ቤተሰብ ያላት ከተማ ነድፎ ከጋብቻ እስከ ውርስ ዝርዝር ሕግ አወጣላት። መጤውንም አልረሳውም። ሙያ ካለው ያለ ግብር ይግባ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው ግን ዕቃውን ይዞ ይውጣ ብሎ ደነገገ። ለከተማዋ ትልቅ ውለታ የሠራ ካልሆነ በቀር።

አሪስቶትል በዚህ ሁሉ ላይ የመጣ ሰው ነው። በ384 ከልደት በፊት በሰሜን በኩል ስታጊራ ውስጥ ተወለደ፤ አቴንስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ቢኖርም አንድም ቀን ድምፅ ሳይሰጥ፣ ቤት በስሙ ሳይኖረው አለፈ። እርሱም ሜቶይኮስ ነበር! ታላቁ እስክንድር ሲሞት አማልክትን ተዳፍሯል ተብሎ ተከሰሰና ወጥቶ ሄደ፤ በዓመቱ በ322 ሞተ። ይህ ሰው ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የ158 ከተሞችን አስተዳደር አሰባስቦ አጥንቷል። የአቴንስ ጥናት ጠፍቶ ኖሮ ከግብጽ በተገኘ ፓፒረስ ላይ ተነብቦ እ.ኤ.አ በ1891 ታተመ።

መንግሥታትን በስድስት መክፈሉ በየመማሪያ መጽሐፉ አለና አንደክምበትም። ዋናው መለኪያው ገዥው አንድም ይሁን ብዙ የሚገዛው ለሁሉ ጥቅም ነው ወይስ ለራሱ? የሚለው ነው። እኛን የጠቀመን ለደጉ ሰው ሐሳብ የሰጠው መልስ ነው። ደግ ሰውም ቁጣና ፍቅር አለው፤ ሕግ ግን የለውም። ሐኪም ራሱ ሲታመም ሌላ ሐኪም ይጠራል፤ በገዛ ጉዳዩ ላይ ፍርዱ እንደማይጠራ ያውቃልና። ደግሞም ብዙ ሰው ያዋጣበት ድግስ አንድ ሰው ብቻውን ከደገሰው ሊበልጥ ይችላል ይላል። እድር ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ፍልስፍና መማር አያስፈልገውም። እኩሎች በሆኑ ሰዎች መካከል ተራ በተራ መግዛትና መገዛት ነው ትክክሉ።

አፍላጡን ሕግ ግትር ነው ላለውም መልስ አለው፤ ምሳሌው የግንበኛ ነው። በሌዝቦስ ደሴት ግንበኞች ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ማስመሪያ ነበራቸው። ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ የድንጋዩን ቅርጽ ተከትሎ ይታጠፋል። ሕግም አጠቃላይ ሆኖ ስለሚጻፍ ያላሰበው ነገር ሲመጣ ዳኛው ሕግ አውጪው ራሱ እዚህ ቢኖር ምን ይል ነበር? ብሎ ማቃናት አለበት። ይህን ነው በእኛ ቋንቋ ርትዕ የምንለው። ልብ በሉ፣ ማስመሪያው የሚታጠፈው ለድንጋዩ ነው። ለባለቤቱ አይደለም። እኛ በተከራዩ ጉዳይ ማስመሪያውን ያጠፍነው ለሰው ነበር።

ስለ አሪስቶትል መልካሙን ብቻ ተናግረን ብናልፍ እናንተን ማታለል ይሆናል። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለባርነት የተፈጠረ ነው ብሎ ጽፏል። በዘመኑ ባርነት የተፈጥሮ ሳይሆን የጉልበት ነው የሚሉ ሰዎች እንደነበሩ ራሱ ጠቅሷቸዋል። ሰምቷል፣ አውቋል፣ አልተቀበላቸውም። ስለ መጤውም ሰው በአንድ ቦታ መኖሩ ብቻ ዜጋ አያደርገውም ብሎ አልፎታል። ራሱ መጤ ሆኖ!

ወደ እኛ ሲደርስ ምን ጎደለ?

ይህ ሁሉ ትምህርት ወደ አገራችን የገባው በዐረብኛ በኩል ነው። የግሪክ መጻሕፍት በባግዳድ፣ በተለይ በኸሊፋ መእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ 813–833) እና ከዚያ በኋላ ወደ ዐረብኛ ተተረጎሙ። ከተርጓሚዎቹ ሁሉ የላቀው ክርስቲያኑ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ ነበር። የፈላስፎችን ምክርና አባባል የሰበሰበ መጽሐፍም አዘጋጅቷል። በዚህ ዓይነት ስብስብ ላይ የተመሠረተ አንድ የዐረብኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ ከ1510 እስከ 1522 ባለው ጊዜ በአባ ሚካኤል ወደ ግዕዝ ተተረጎመ። «መጽሐፈ ፈላስፋ» የሚባለው ነው። ጊዜውን ስታስቡት የኢማም አሕመድ ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት መሆኑ ነው። ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክሎድ ሳምነር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አቅርበውታል፤ ኢትዮጵያዊው ተርጓሚ ቃል በቃል እንዳልሄደ፣ እየጨመረና እየቀነሰ የራሱ እንዳደረገውም ጽፈዋል።

በዚህ የግዕዝ መጽሐፍ ሶቅራጥስ፣ አፍላጡንና አሪስቶትል አሉ። የሉትም ክርክራቸው ነው። ሦስቱም ለንጉሥ የሚመክሩ ጠቢባን ሆነው ነው የመጡት፤ ንጉሥ ሆይ ፍትሐዊ ሁን፣ ምላስህን ግታ፣ ክፉ አማካሪ አርቅ የሚሉ። ትራሲማከስ የለም። መጤው ቤት የለም። ንጉሡ ምክሩን ባይሰማስ? ተራው የሌላ ሰው ቢሆንስ? የሚለው ጥያቄ በመንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ምክር በጎ ነገር ነው፤ እኛም ኢማሞች ሥራችን እርሱ ነው። ነገር ግን ምክር የሚሠራው የሚሰማ ልብ ላለው ገዥ ነው።

ጥፋቱ የተርጓሚው ብቻ አይደለም። የአሪስቶትል «ፖለቲካ» የተባለው መጽሐፍ በዐረብኛው ዓለም አልተዳረሰም። የሴቪያና የቁርጡባ ቃዲ የነበሩት ኢብን ሩሽድ (1126–1198) ይህ መጽሐፍ ስላልደረሳቸው በምትኩ የአፍላጡንን «ሪፐብሊክ» እንደተነተኑ ራሳቸው ጽፈዋል። በዚያ ትንተና በአገራቸው ሴቶች ለልጅ ማሳደግ ብቻ ተትተው ችሎታቸው መባከኑ ለከተሞቹ ድህነት አንዱ ምክንያት መሆኑን ገልጸዋል። የትንተናው ዐረብኛ ጠፍቶ ዛሬ የሚነበበው ከዕብራይስጥ ትርጉሙ ነው። ከእርሳቸው በፊት አል-ፋራቢ (በ950 ያረፉት) የመልካሚቱን ከተማ መሪ አሥራ ሁለት ባሕርያት ዘርዝረው ሲያበቁ፣ እነዚህ በአንድ ሰው ካልተገኙ ለብዙዎች ተከፋፍለው አብረው ይምሩ ብለዋል። ደጉ ሰው ላይገኝ እንደሚችል እርሳቸውም አውቀዋል።

ጥያቄው በመጽሐፍ ባይደርስም በተግባር ግን በዚህች ምድር የታወቀ ነበር። የነጃሺን ቂሷ ደጋግመን ስላነሳነው አናስረዝመውም። ሙሃጂሮቹ በሐበሻ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። የቁረይሽ መልእክተኞች ለመኳንንቱ ስጦታ ሰጥተው ስደተኞቹ ሳይጠየቁ እንዲመለሱ አስመክረዋል፤ ነጃሺ ግን እነርሱን ራሳቸውን ሳልሰማ አልሰጥም አሉ። ሁለቱን ወገን ማድመጥ! በኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ደግሞ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሕግ በጨፌ ይወጣል። ዩኔስኮ በ2016 (እ.ኤ.አ) መዝግቦታል። አሪስቶትል ተራ በተራ መግዛትና መገዛት ያለውን የምትፈልጉ ከደጃችሁ አለላችሁ። አቴንስ ያልነበራት ነገርም አለበት። ከሌላ ሕዝብ የመጣውን ሰው ወደ ጎሳ አስገብቶ መብትና ግዴታ የሚሰጥ ሞጋሳ የሚባል ሥርዓት ነው። (ጉዲፈቻ የምንለው ቃልም ከዚሁ ባህል ነው የመጣው።) ሞጋሳ ሁልጊዜ በውዴታ ነበር ወይ የሚለውን የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበታል፤ በገዳም ውስጥ ሴቶች የሥልጣን ተራ አልነበራቸውም። ቢሆንም እንዲህ ያለ በር በአቴንስ ለመጤው በቀላሉ አይከፈትም ነበር።

ወደ እድራችን እንመለስ። ከዚያ ስሕተት በኋላ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረብን። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይቆረጥ፣ ገንዘብ ያዥ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፣ ሒሳቡን ሌላ ሰው ይመርምር የሚል ነው። አንዳንድ አዛውንቶች ቅር አላቸው። አንደኛው ተነስተው «ሟቹ ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ደረሰኝ ሲይዙ ምን ጠፋ? አሁን እኛን አላመናችሁንም ማለት ነው?» አሉ። እውነት አላቸው፤ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ የጠፋ ነገር የለም። የጠፋው ሲሞቱ ነው፤ የጠፋውም የሚያውቀው የሌለው ሰው ገንዘብ ነው። ለሚታወቀው ሰው ደረሰኙ አላስፈለገውም፣ ፊቱ ደረሰኝ ሆኖለታል። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ሦስቱም ነጥብ በድምፅ አለፈ።

አራተኛው ግን አላለፈም። በነባሩ ደንብ ተከራይ መዋጮ ይከፍላል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ቀብር ይወጣል፤ ኮሚቴ ሆኖ ግን አይመረጥም። የእድር ዳኛም መሆን አይችልም። ምክንያቱ ነገ ለቆ ይሄዳል የሚል ነው። ይህም ባዶ ምክንያት አይደለም፤ የእድር ገንዘብ ይዞ የጠፋ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ ይሰማል። ይሁንና ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው፤ አሥር ዓመት በኪራይ የኖረም አለ። አንዳንዱ አምስት ዓመት የኖረ ይመረጥ አለ፤ አንዳንዱ ሁለት ዋስ ካመጣ አለ፤ አንዲት እናት ደግሞ «ዋስ ካለውማ ድሮም ሰው አለው» ብለው ጉባኤውን አሳቁት። በሚመጣው ወር የመጀመሪያ እሑድ ከዐስር ሰላት በኋላ ለዚሁ ጉዳይ እንሰበሰባለን። ተከራዮቹም መጥተው እንዲናገሩ ተጠርተዋል። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።